«ጠቋሚው ያለበት መስኮት» የትኛው መስኮት ነው?

ስያሜ የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ ነው። በገጹ ላይ ሲነበብ ሙሉ መስሎ የሚታየው ቃል፥ አንድ ሰው አምኖት አንድ ነገር ሲሠራበት ጎዶሎነቱ ይገለጣል። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነንም እንዲህ ያለ ገጠመኝ ነው። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሳችን ስለ ሆነ ያለ ይሉኝታ ልንናገረው እንችላለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትርጉም ሠልጣኞች መማሪያ ይሆን ዘንድ ስለ ኮምፒዩተር ስክሪፕት የሚያስረዳ አንድ መመሪያ ወደ አማርኛ መልሰን ነበር። ስክሪፕት ስንል ተጠቃሚው ራሱ ጽፎ ተደጋጋሚ ሥራውን ኮምፒዩተሩ እንዲሠራለት የሚያደርግበትን አጭር ጽሑፈ ትእዛዝ ማለታችን ነው። በመመሪያው ውስጥ ማውሱ የሚያንቀሳቅሳት ቀስት የምትገኝበትን መስኮት ለይቶ በአንዲት ቁልፍ የሚዘጋ ስክሪፕት እንዴት እንደሚጻፍ የሚገልጽ ምዕራፍ ነበረ። እኛ ያንን መስኮት «ጠቋሚው ያለበት መስኮት» ብለን ተረጎምነው። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ ፊደል በሚጻፍበት ቦታ ብልጭ ድርግም የምትለውን ቀጭን መስመር እንዲሁ «ጠቋሚ» ብለናት ነበር።

ከሠልጣኞቹ አንዱ ትርጉማችንን አንብቦ ስክሪፕቱን ጻፈ። «ጠቋሚው ያለበት መስኮት» ማለት ጽሑፍ እየተጻፈበት ያለው መስኮት ማለት ነው ብሎ ስለ ተረዳ፥ ትእዛዙንም በዚያው ልክ አዘጋጀ። ከዚያም ማውሱን ወደማያስፈልገው መስኮት ወስዶ ቁልፏን ሲመታ፥ የተዘጋው ያ መስኮት ሳይሆን ግማሽ ቀን ሙሉ የቃላት ፍች ሲሞላበት የዋለው መስኮት ሆነ። የመረጠው ትእዛዝ አስገድዶ የሚዘጋ ስለ ነበር ጽሑፉን ለማስቀመጥ ፋታ አላገኘም። አርባ ቃላት ከነፍቻቸው ጠፉ።

ሠልጣኙ በራሱ አፈረ እንጂ እኛን አልወቀሰንም። ነገር ግን ዓረፍተ ነገራችንን ደጋግመን ስንመረምረው እርሱ በትክክል አንብቦት እንደ ነበር ተረዳን። የተሳሳተው አንባቢው ሳይሆን ስያሜው ነው። በእጃችን የገቡ ሌሎች የአማርኛ መመሪያዎችንም ስንመለከት ይኸው ጉድለት በብዙ መልክ ተደጋግሞ አገኘነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የራሳችንንና የባልደረቦቻችንን ልማድ እንተቻለን፤ ከተቻለም የሚሻለውን እናመለክታለን።

ሀ. ሁለት ጥያቄዎች

በአንድ ስክሪን ላይ ብዙ መስኮቶች ተከፍተው ሳሉ ስክሪፕት ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛው፥ «አሁን የቁልፍ ሰሌዳውን ብመታ ፊደሉን የሚቀበለው የትኛው መስኮት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «የማውሱ ቀስት አሁን በየትኛው መስኮት ላይ ናት?» የሚል ነው። መልሱ አንዳንድ ጊዜ አንድ መስኮት ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሁለት ነው። አንድ ሰው በግራ በኩል ባለው መስኮት ደብዳቤ እየጻፈ ሳለ ቀስቷን በቀኝ በኩል ባለው መስኮት ላይ ትቷት ሊሆን ይችላል።

«መስኮት» የሚለውን ስያሜ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ቃሉ ከግዕዝ የወረደና ሕዝብ የተቀበለው ነው። ስለ ጠባዩ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቤት መስኮት በግድግዳ ላይ በቦታው የጸና ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይደረብም። የኮምፒዩተር መስኮት ግን በጠረጴዛ ላይ እንደ ተከመረ ወረቀት አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። አማርኛ ተናጋሪው «መስኮት» ሲባል መደራረብ በሐሳቡ ስለማይመጣ፥ መደራረቡን የሚናገር ሌላ ቃል ያስፈልጋል ማለት ነው።

መደራረቡ ራሱ ቀስ በቀስ የመጣ ነገር ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት አስቦት ቢል ኢንግሊሽ የሠራው የመጀመሪያው ማውስ እ.ኤ.አ. በ1964 የተገኘ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ታይቷል። አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡ መስኮቶች የተስፋፉት ደግሞ በ1970ዎቹ፥ እ.ኤ.አ. በ1973 በተሠራው የዜሮክስ አልቶ ኮምፒዩተርና ስሞልቶክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አማካይነት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ የሥራ መስኮቶቹን ጎን ለጎን እንደ ንጣፍ ድንጋይ የሚደረድር ነበር፤ እንደ ልብ መደረብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው በሁለተኛው ዕትም ነው።

ይህ ታሪክ ለስያሜ ሠሪ ትምህርት አለው። መስኮቶች ጎን ለጎን በተደረደሩ ጊዜ እያንዳንዱ የስክሪን ነጥብ የአንድ መስኮት ብቻ ንብረት ስለ ነበር «ቀስቷ የት ናት?» ማለት ይበቃ ነበር። መደረብ ከመጣ በኋላ ግን በአንዲት ነጥብ ላይ ሦስትም አራትም መስኮቶች ተነባብረው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ «ቀስቷ ያለችበት» የሚለው አነጋገር ከተነባበሩት የትኛውን እንደሚል መግለጽ ይኖርበታል።

ለ. አንድ «ጠቋሚ» ለሦስት ነገር

«ጠቋሚ» ከ«ጠቆመ» የወጣ የሠሪ ስም ነው። በዕለታዊ ንግግር ምስጢር ለባለሥልጣን የሚያደርስ ሰው ጠቋሚ ይባላል። በኮምፒዩተር አማርኛ ደግሞ ቢያንስ ለሦስት ነገሮች ሲሠራበት እናያለን፤ አንደኛ፥ ማውሱ ለሚያንቀሳቅሳት ቀስት፤ ሁለተኛ፥ በጽሑፍ መካከል ብልጭ ድርግም ለምትለው መስመር፤ ሦስተኛ፥ በፕሮግራም ቋንቋ የአንድን የማኅደረ ትውስታ ቦታ አድራሻ ለሚይዘው ተለዋዋጭ።

ሦስተኛው በሌላ ሙያ ውስጥ ስለሚውል ችግሩ ቀላል ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ግን በአንድ ስክሪን ላይ፥ በአንድ ጊዜ፥ በአንድ ተጠቃሚ ዐይን ፊት ይታያሉ። ብልጭ ድርግም የምትለው መስመር የምትገኘው ፊደል በሚቀበለው መስኮት ውስጥ ነው። ቀስቷ ግን የትም ልትሆን ትችላለች። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ከላይ የለየናቸውን ሁለት ጥያቄዎች አንድ ማድረግ ነው። የሠልጣኛችን አርባ ቃላት የጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

«እንግሊዝኛውም ቢሆን ከርሰር የሚለውን ቃል ለሁለቱም ይጠቀምበት የለምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ በተራው ተጠቃሚ ንግግር ይጠቀምበታል። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሠሪዎች ግን የቀስቷን «ከርሰር»፥ የጽሑፉን መስመር «ካረት» ብለው ለይተዋል። በመሠረቱ የሌላ ቋንቋ ቤት ስላልተጠረገ የእኛም ሳይጠረግ ይቅር ማለት አያስኬድም። አዲስ ስያሜ የሚያወጣ ቋንቋ ከቀደመው ስሕተት የመማር ዕድል አለው፤ ይህንን ዕድል የሚያባክነው ሐሳቡን ትቶ ቃሉን ብቻ የሚተረጉም ተርጓሚ ነው።

በበኩላችን «ጠቋሚ» የሚለው ቃል ለማውሱ ቀስት ብቻ ይወሰን እንላለን። «ቀስት» የሚለው የሕዝብ አጠራር ደስ የሚል ነው፤ ነገር ግን ምልክቷ በአገናኝ ላይ ስትደርስ የእጅ፥ በጽሑፍ ላይ ስትደርስ የቋሚ ዘንግ መልክ ስለምትይዝ ከቅርጿ የወጣ ስም ሁልጊዜ አይስማማትም። ተግባሯ ግን በማናቸውም መልክ መጠቆም ነው። ብልጭ ድርግም የምትለው መስመር ደግሞ የምትጠቁመው ነገር የለም፤ ቀጥሎ የሚመታው ፊደል የሚገባበትን ቦታ ታሳያለች። ስለዚህ «የመጻፊያ ምልክት» ብትባል የሚጎድልባት የለም። «ማውስ» ግን እንዳለ ይቆይ። «አይጥ» ብለው የሞከሩት ወገኖች ሕዝቡ አልተከተላቸውም፤ ሕዝብ የወሰነውን ነገር ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት መነካካት ተገቢ አይደለም።

ሐ. «በታች»፣ «ሥር» እና «ያረፈበት»

በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ይህንን መስኮት ሲጠሩ ከጠቋሚው ግርጌ እንዳለ አድርገው ይናገራሉ። ተርጓሚዎቻችን ይህን ተከትለው «ከጠቋሚው በታች ያለው መስኮት» ይላሉ። ይህ ሐረግ ከሰዋስው አንጻር ምንም እንከን የለበትም። ከትርጉም አንጻር ግን የተለየ ነገር ይናገራል። በአማርኛ «ከሥዕሉ በታች ያለው ጽሑፍ» ስንል በገጹ ላይ ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ማለታችን እንጂ በሥዕሉ የተሸፈነውን ማለታችን አይደለም። ስክሪንም እንደ ገጽ የሚታይ ስለ ሆነ «ከጠቋሚው በታች» የተባለ አንባቢ ዐይኑን ወደ ስክሪኑ ግርጌ ይልካል። በስክሪፕት ሥራ ይህ ተራ መዘናጋት አይደለም። የነጥብ ስፍራ የሚለካው ከላይኛው ግራ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ቀኝና ወደ ታች ስለ ሆነ፥ «በታች» የሚለው ቃል በሙያው ውስጥ የራሱ የሆነ የልክ ትርጉም አለው።

«ከጠቋሚው ሥር» ቢባል ይሻላል፤ «ከወረቀቱ ሥር» ስንል መሸፈንን ስለሚያሳይ ጥልቀትን ይገልጻል። ይሁን እንጂ ሌላ እንከን አለበት። ሦስት መስኮቶች ተነባብረው ጠቋሚዋ ከሁሉም በላይ ብትሆን ሦስቱም ከጠቋሚዋ ሥር ናቸው። ስክሪፕቱ የሚፈልገው ግን አንዱን፥ ያውም የላይኛውን ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህንን ሐሳብ በምን ይገልጸው እንደ ነበር ለማወቅ ከኮምፒዩተሩ ራቅ ብለን እንመልከት። ወፍ ከሰማይ ወርዶ ጣራ ላይ ሲቀመጥ «ጣራው ላይ አረፈ» እንላለን። ከጣራው ሥር ኮርኒስ፥ ከኮርኒሱ ሥር ወለል እንዳለ እናውቃለን፤ ሆኖም ወፉ ወለሉ ላይ አረፈ የሚል የለም። «ማረፍ» የሚለው ግሥ መንካትን፥ ያውም የሁሉን የበላይ መንካትን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ «ጠቋሚው ያረፈበት መስኮት» ብንል የመደራረቡን ጉዳይ ሌላ ማብራሪያ ሳንጨምር ግሡ ራሱ ይናገርልናል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለማረጋገጥ የማሽኑን አሠራር እንመርምር። በዊንዶውስ ውስጥ «ጌት ከርሰር ፖስ» የተባለው ተግባር የጠቋሚዋን ነጥብ ይሰጣል፤ «ዊንዶው ፍሮም ፖይንት» የተባለው ደግሞ ያንን ነጥብ ተቀብሎ መስኮቱን ይመልሳል። የሚመልሰው ከተነባበሩት የሚታየውን ነው እንጂ የተሸፈነውን አይደለም። የተሰወረ መስኮት ነጥቡ በክልሉ ውስጥ ቢውል እንኳ አይቆጠርም። በእኛም አነጋገር በሌለ ጣራ ላይ ወፍ አያርፍም። ስለሆነም ግሡና አሠራሩ ይስማማሉ።

በ«ማረፍ» ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አንሸሽገውም። ቃሉ መቆምን ያመለክታል፤ ጠቋሚዋ ግን እየሮጠች ሳለችም ስክሪፕቱ የደረሰችበትን መስኮት ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህም በላይ በሙያው ውስጥ ጠቋሚዋ በአንድ ነገር ላይ ሳትነቃነቅ ጥቂት ስትቆይ የሚከሠት ሌላ ጉዳይ አለ፤ በዊንዶውስ የዚህ ቆይታ መነሻ ልክ 400 ሚሊሰኮንድ ነው። ለዚህኛው ብዙዎች «ሲያርፍበት» ይላሉ። መፍትሔው ሥራ መከፋፈል ነው ብለን እናምናለን። የቦታውን ጉዳይ «ማረፍ» ይያዝ፤ የጊዜውን ጉዳይ «መቆየት» ይያዝ። «ጠቋሚው ያረፈበት መስኮት» የትነትን ሲናገር፥ «ጠቋሚው ሲቆይበት» የሚለው የጊዜ ርዝመትን ይናገራል።

መ. «ንቁ»፣ «ገቢር» ወይስ «ተረኛ»?

አሁን ወደ አንደኛው ጥያቄ፥ ማለት ፊደል ወደሚቀበለው መስኮት እንመለስ። ይህ መስኮት በመመሪያዎቻችን «ንቁ መስኮት» ወይም «ገቢር መስኮት» ይባላል። ሁለቱም እንግሊዝኛውን ቃል ለቃል ተከትለው የተበጁ ናቸው።

«ንቁ» ያልነው እንደ ሆነ ሌሎቹ መስኮቶች አንቀላፍተዋል ማለታችን ነው። ነገር ግን ከጀርባ ያለው መስኮት ሙዚቃ ያሰማል፤ ሰነድ ያትማል፤ ፋይል ያወርዳል። አላንቀላፋም። «ገቢር» ደግሞ ለሰዋስው ሰው የ«ተገብሮ» ተቃራኒ ነው፤ አድራጊውን ወገን ይገልጻል። እዚህ ላይ ግን የሚገርም ነገር እናያለን። ይህንን መስኮት ከሌሎቹ የሚለየው ማድረጉ ሳይሆን መቀበሉ ነው። ተጠቃሚው ሲመታ ፊደሉ ወደ እርሱ ይመጣል። የሰዋስውን ሚዛን በጥብቅ ከያዝን «ተገብሮ» ብንለው ይቀርበው ነበር!

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳይ የሚስተናገድበት ቦታ «መስኮት» ይባላል፤ «መስኮት ቁጥር 3 ሂድ» እንባባላለን። ባለጉዳዩ በመስኮት ቁጥር 3 ፊት ቆሞ ሳለ ማመልከቻ የሚቀበለው ሠራተኛ በመስኮት ቁጥር 5 ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የሌሎቹ መስኮቶች ሠራተኞች አላንቀላፉም፤ መዝገብ ያገላብጣሉ፥ ማኅተም ይመታሉ። ነገር ግን ተረኞች አይደሉም። ማመልከቻውን ቢሰጧቸው አይቀበሉም። ባለጉዳዩ የቆመበትን መስኮት ከተረኛው መስኮት ሳይለይ የቀረ እንደ ሆነ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል።

ይህ ምሳሌ ስያሜውን አብሮ ይዞ የመጣ ይመስለናል፤ «ተረኛ መስኮት»። ተረኛ ሐኪም፥ ተረኛ ዘበኛ፥ ተረኛ መድኃኒት ቤት እንላለን። በየአንዳንዱ አጠራር ሌሎች መኖራቸው፥ አገልግሎት የሚሰጠው ግን ለጊዜው አንዱ መሆኑ፥ ተራውም ወደ ሌላው ሊተላለፍ መቻሉ ይታወቃል። የምንፈልጋቸው ሦስቱም ባሕርያት በቃሉ ውስጥ አሉ። «ተራ የግድ ቅደም ተከተል አለው፤ ተጠቃሚው ግን የፈለገውን መስኮት ይመርጣል» የሚል ሊቃወመን ይችላል። «ተረኛ» የሚለው ቃል በቅርብ ዓመታት በፖለቲካ ንግግር ውስጥ የተሸከመው ስሜት እንዳለም እናውቃለን። ነገር ግን የመድኃኒት ቤቱና የሐኪሙ አጠራር ከዚያ በፊት የነበረና ዛሬም ያለ ስለ ሆነ ቃሉን ለሙያ አገልግሎት ከመዋል የሚያግደው አይመስለንም። የሚያግደው ነው የሚል ካለ ምክንያቱን ይጻፍልን።

ሁለቱን መስኮቶች በሁለት ስም መጥራት ግዴታ መሆኑን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10፥ የማውሱ ተሽከርካሪ ሲዞር ተረኛው ሳይሆን ጠቋሚው ያረፈበት መስኮት እንዲንሸራተት የሚያደርግ ምርጫ አለው። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት ፊደል ወደ አንዱ፥ የተሽከርካሪው ዙር ወደ ሌላው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው የኤክስ የመስኮት ሥርዐት ደግሞ ጠቋሚው የደረሰበት መስኮት ወዲያውኑ ተረኛ እንዲሆን ማድረግን ይፈቅዳል። በዚህ ልማድ የሚሠራ ሰው ሁለቱን መስኮቶች ሁልጊዜ አንድ ሆነው ስለሚያገኛቸው ልዩነታቸውን ላያስተውል ይችላል። ሁለቱ ስሞች አንድን አካል መጥራታቸው ግን ትርጉማቸውን አንድ አያደርገውም፤ ይህን ለቋንቋ ተመራማሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 መታወቅ በጀመረው በአውቶሆትኪ ቋንቋ ያለው «ማውስ ጌት ፖስ» የተባለ ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሁለት ዐይነት መልስ ይሰጣል። የጠቋሚውን ነጥብ፥ ጸሐፊው ሌላ ካላዘዘ በስተቀር፥ ከተረኛው መስኮት አንጻር ይለካል። የሚነግረን የመስኮት መለያ ቁጥር ግን ተረኛ ቢሆንም ባይሆንም ጠቋሚው ያረፈበትን መስኮት ነው። ልኩ ከአንዱ፥ ስሙ ከሌላው ማለት ነው። ይህን ማብራሪያ አንድ ተርጓሚ «ትእዛዙ ነጥቡን ጠቋሚው ካለበት መስኮት አንጻር ለክቶ፥ ጠቋሚው ያለበትን መስኮት መለያ ይሰጣል» ብሎ ቢያቀርበው ዓረፍተ ነገሩ ያለ እንቅፋት ይነበባል። አንባቢውም አይጠራጠርም። በዚህ ተመርቶ የጻፈው ስክሪፕት ግን የማይፈልገውን ቦታ ይጫናል፤ ስሕተቱንም በትእዛዙ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል፤ ስሕተቱ ያለው ግን በአማርኛው ውስጥ ነው።

ሠ. እናት መስኮትና አካሉ

አንድ ሌላ ወጥመድ እንጨምር። በዊንዶውስ አቆጣጠር ትልቁ መስኮት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያሉት ቁልፎችና የጽሑፍ ሣጥኖችም አብዛኛውን ጊዜ «መስኮት» ተብለው ይመዘገባሉ። ስለዚህ «ዊንዶው ፍሮም ፖይንት» ጠቋሚው ያረፈበትን ሲጠየቅ ትልቁን መስኮት ሳይሆን አንዲት ትንሽ ቁልፍ ሊመልስ ይችላል። ጸሐፊው ትልቁን የሚፈልግ ከሆነ ከቁልፏ ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣት አለበት። በኤክስ ሥርዐት የሚሠራው ኤክስዱቱልም የጠቋሚውን ስፍራ ሲጠየቅ ከነጥቡ ጋር የመስኮት ቁጥር ያቀብላል፤ ይኸው ጥንቃቄ በዚያም ያስፈልጋል።

በመመሪያዎቻችን ይህ ዝምድና «የወላጅ መስኮት» እና «የልጅ መስኮት» ተብሎ ይተረጎማል። ልጅን ከቤተሰብ ውጭ እንዲህ መጥራት ለአማርኛ ባዕድ ባይሆንም «የልጅ መስኮት» ያለ ሰው ለሕፃናት የተሠራ መስኮት ያለ ይመስላል። ዋናውንና ሌሎቹን አቃፊውን ነገር «እናት» ማለት ግን ልማዳችን ነው፤ እናት ክፍል፥ እናት ድርጅት እንላለን። ስለዚህ ትልቁን «እናት መስኮት»፥ በውስጡ ያሉትን ደግሞ «የመስኮት አካል» ብንል አንባቢው ቁልፍና መስኮት አያምታታም። አውቶሆትኪም ሁለቱን ለየብቻ ስለሚያቀርብ ትርጉሙ ከአሠራሩ ጋር ይገጥማል።

ረ. ስለ ርዝመትና ስለ ግዕዝ ጥምረት

«ጠቋሚው ያረፈበት መስኮት» ሦስት ቃል ነው፤ ለስያሜ ይረዝማል የሚሉ ይኖራሉ። በግዕዝ አገባብ «መስኮተ ጠቋሚ» ብንለው ያጥርልናል ይሉ ይሆናል። እኛ የግዕዝ ጥምረት ጠላቶች አይደለንም፤ ማኅደረ ትውስታን የመሰሉ መልካም ስያሜዎች አስገኝቶልናል። ነገር ግን የዘርፍና የባለቤት ጥምረት በሁለቱ ስሞች መካከል ዝምድና መኖሩን እንጂ ምን ዐይነት ዝምድና እንደ ሆነ አይናገርም። «መስኮተ ጠቋሚ» ጠቋሚው ያረፈበት ነው? የጠቋሚው ንብረት ነው? ጠቋሚን ለማስተካከል የሚከፈተው የማስተካከያ መስኮት ነው? ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። የአማርኛው አንጻራዊ ዐረፍተ ነገር ግን በግሡ አማካይነት ዝምድናውን በግልጽ ይወስናል። ሰዋሰዋችንም «የማይሻገር ግሥ» ሲል በዚሁ መንገድ ሄዷል። አጭርነት መልካም ነገር ነው፤ ግን ከማስለየት ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትም ሆነ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ስለዚህ ማሽን የሚሉት ነገር የለም። የተዉልን ትምህርት ግን እዚህም ይሠራል፤ ቃልን ከሥሩ መርምሮ፥ ሕዝብ በሚያውለው ቦታ ሁሉ አይቶ መፍታት። «አረፈ» እና «ተረኛ» ከባሕር ማዶ የመጡ አይደሉም፤ ከጣራውና ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት የተገኙ ናቸው።

ከላይ የተባለውን ባጭሩ ስንሰበስበው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «ጠቋሚ» ለማውሱ ምልክት ብቻ ይዋል፤ በጽሑፍ ውስጥ ያለችው «የመጻፊያ ምልክት» ትባል። ፊደል የሚቀበለው «ተረኛ መስኮት»፥ ከተነባበሩት የበላይ ሆኖ ጠቋሚውን የተቀበለው «ጠቋሚው ያረፈበት መስኮት» ይባል። የጊዜው ቆይታ በ«ሲቆይበት» ይገለጽ። አቃፊው «እናት መስኮት»፥ ቁልፉና ሣጥኑ «የመስኮት አካል» ይሁን።

ነገሩ የሚመለከተው ያሉትን ስክሪፕቶች ብቻ አይደለም። በሊኑክስ ላይ እየተስፋፋ ያለው ዌይላንድ የተባለው ሥርዐት፥ ስለ ደኅንነት ሲባል፥ ጠቋሚው ከአንድ ፕሮግራም ክልል ውጭ ሲሆን የት እንዳለ ለዚያ ፕሮግራም አይነግረውም። ስለዚህ «ጠቋሚው ያረፈበት መስኮት የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ማን እንዲጠይቅ ይፈቀድለት የሚለው ራሱ አከራካሪ ጉዳይ ሆኗል። ክርክሩን በአማርኛ ልናቀርብ የምንችለው በቅድሚያ ጥያቄውን ከሌላው ጥያቄ የሚለይ ስም ሲኖረን ነው።

መመሪያችንን በእነዚህ ስያሜዎች አርመን ለዚያው ሠልጣኝ ሰጠነው። ምዕራፉን አንብቦ ስክሪፕቱን እንደገና ሲጽፍ አንድም ጥያቄ አልጠየቀንም፤ ማውሱን በማያስፈልገው መስኮት ላይ አድርጎ ቁልፏን ሲመታም የተዘጋው እርሱ ብቻ ነበር። አርባዎቹ ቃላት ግን አልተመለሱም፤ ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጻፋቸው።